ግቢያችን የከረመችው ባለ ቱርቦ መኪና

ባለቤቴ ስለ መኪና ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ሽበት አላወጣም ነበር። ጣጣው ትንሽ ማወቁ ነው። የተማረው ስለ ቡና ነው፤ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ችግኝ ላይ አይመጻደቅም። አንድ መደብ ቢጠወልግበት ይጠይቃል፣ ያማክራል፣ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልሎ ሰው ፍለጋ ይዞራል። መኪና ሲሆን ግን ማንንም አይጠይቅም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ይገባበታል።

መኪናዋን የገዛት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። ታላቅ ወንድሙ ቴፒ ውስጥ ኮረሪማና ማር የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ገበታ ፊት የማያፍሩ ሰው ነበሩ። ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አንድ የውጭ አገር ሰዎች ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ፤ ወንድማማቾቹም ያላቸውን አዋጥተው አንዲት ነጭ የናፍጣ ፊልድ መኪና ይዘው ከተፍ አሉ። በአራቱም እግሯ ጭቃውን እየቧጠጠች ትወጣለች። ከዚያም በላይ፣ ባለቤቴ ደጋግሞ እንደሚነግረን፣ ባለ ቱርቦ ናት።

ቱርቦ የሚለውን ነገር ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያስረዳ ስለምሰማ በቃሌ ይዤው ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ እሷ ደግሞ በተራዋ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ትገፋለች፤ አየር ሲበዛ ጉልበት ይበዛል። ዕቃዋ ቀንድ አውጣ የመሰለች፣ በሁለት እጅ የምትያዝ ብረት ናት። እንግዲህ በዚያ ክረምት ትዳሬን የተፈታተነችው እሷ ናት።

እኔ ያን ዓመት የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። አማን ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጅማ ክረምት ክረምት እየተማርኩ ዲፕሎማ ለመያዝ በየዓመቱ አመለክታለሁ፤ በየዓመቱም ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል፤ አንዴ ለካድሬ እህት፣ አንዴ ለካድሬ ሚስት። ያን ዓመት በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም ስሜ ወጣ። ምዝገባው ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ ይዘጋል፤ ያልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል ተባልኩ። ተጠባባቂዋ አብራኝ የምታስተምር ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ ጉንጬን ስማ፣ ጤናዬን ጠይቃ፣ ከዚያ እስካሁን አለመሄዴ እንደሚገርማት ትነግረኛለች።

መሄጃ አላጣሁም። መንገዱ ደህና ሲሆን አውቶቡስ ይመጣል። ዝናቡ ሲበረታ አውቶቡሱ ቦንጋ ላይ ቢቀርም የጭነት መኪና አይጠፋም። ባለቤቴ ግን እሱ መኪና እያለው ሚስቱ ኬሻ ላይ ተንጠልጥላ ጅማ ከገባች በየት በኩል ሰው ፊት እንደሚቀርብ ጠየቀኝ። ገቢና አስቀምጦ፣ እንደ ወይዘሮ አድርጎ እንደሚያደርሰኝ ማለ። እናቴም በዚህ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ግንቦት ሲያልቅ ከቴፒ ተመልሶ፣ የሸኮን ዳገት ሳጋምስ መኪናዋ ማፏጨት ጀመረች አለኝ። ከዚያ ጉልበት አጣች። ከዚያ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ሰፈራችን ስትደርስ የጎረቤት ዶሮዎች በጭሱ ታፍነው ወደየቤቱ ሲሮጡ አይቻለሁ። በማግስቱ ኮፈኑን ከፈተና አጎነበሰ፤ ቀና ሲልም ቱርቦው ዘይት ወደ ጭሱ እንደሚያሳልፍ፣ መቀየር እንዳለበት፣ ራሱ እንደሚቀይረው ነገረኝ። ጋራዥ ይውሰዳት እንዳልል ጋራዡ ያለው ጅማ ነው። ለታላቅ ወንድሙ ላከባቸው፤ እሳቸውም ንግዳቸውን ለሰው አደራ ብለው፣ አንዲት ካቻቢቴ ይዘው መጡና እኛ ቤት ሰፈሩ።

የእኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለው። ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ያየ ወንድ ዝም ብሎ አያልፍም። መጥቶ ያጎነብሳል፣ አንድ ቱቦ ይነካል፣ «እህህ» ይላል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ አይዘልቁም። ልብስ ሰፊው መጣ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ መጣ፣ ከገበያ የሚመለሱ አንድ የቤንች ሽማግሌ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን አስደግፈው ገቡ። አንዱ ጥፋቱ የናፍጣው ነው ይላል፣ ሌላው የራዲያተሩ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ መኪናዋ ጨረታ ላይ የሰው ዓይን እንዳረፈባት አይጠራጠርም። እኔ ደግሞ ደጄ የተቀመጠን ሰው ጾሙን አልሸኝም። ጎደሬ እቀቅላለሁ፣ ማጥቀሻ የሚሆን ቆጭቆጫ አዘጋጃለሁ፣ ያንን ሲጨርሱ እንደገና እቀቅላለሁ። ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ ከበር ጀምሮ የማየው የወንድ ጀርባ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከጠባቂው ጋር መጡ። በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ እንዲህ ተሰብስቦ መቀመጥ የሚያስጠይቅ ነገር ነበር፤ ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ ሊያጣሩ ነው የመጡት። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ። እኔ እንኳ በሆዴ፣ ተመስገን፣ ሊበትኗቸው ነው ብያለሁ። ሊቀመንበሩ የተከፈተውን ኮፈን አዩ፣ ቀረብ አሉ፣ አጎነበሱ፣ «እህህ» አሉ። ከዚያ ለጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ እንዲያስደግፍ ነገሩትና ተቀመጡ። እንደ እሳቸው አስተያየት ጥፋቱ የባትሪው ነበር። የዚያን ቀን ጎደሬው አልበቃም።

የእንግዳው ሳያንስ የማድ ቤቴን ዕቃ ወሰዱብኝ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ብረት መዘፍዘፊያ ሆነ። ለፋኖስ ያስቀመጥኩት ላምባ ዝገት ማጠቢያ ሆነ፤ እኛም በጊዜ እንተኛለን። የዱቄት ወንፊቴን ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው ታላቅ ወንድሙ ዘይት እያጣሩበት አገኘኋቸው። ምን ልበላቸው? ታላቅ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው፣ አንቱ የምላቸው ሰው ናቸው። ጥርሴን ነክሼ፣ ጋሼ፣ ይጨርሱና ይሰጡኛል አልኳቸው። እሳቸውም፣ ወንፊቱ ለዚህ ሥራ ትንሽ ሰፋ እንደሚል፣ ጠበብ ያለ ካለኝ እንዳመጣላቸው ነገሩኝ።

ቱርቦዋን የያዟት ቡሎኖች እሳት የበላቸው ስለነበሩ አንዱ ሲፈታ አንዱ ተቆረጠ። የተቆረጠውን ለማውጣት ሌላ ጣጣ። ታላቅየው ይመታሉ፣ ታናሽየው አይመታም ይላል፤ ታናሽየው ዘይት አጠጥቶ ሊያሳድር ሲል ታላቅየው አሁኑኑ ካልሆነ ይላሉ። ባለቤቴ ለወንድሙ አይመልስም። እሳቸው ዞር ሲሉ የራሱን ይሠራል። እሳቸውም እሱ ችግኙን ሊያይ ሲሄድ የሠራውን ያፈርሱና የራሳቸውን ያደርጋሉ። ሁለት ሰው አንድ ሥራ እየሠራ እርስ በርሱ ሳይነጋገር ሲውል ያየሁት ያኔ ነው። ጠብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጠብ ቶሎ ያልቃል።

በመጨረሻ ቱርቦዋ ወጣች። በሰኔ አጋማሽ አንድ የሚያውቁት ሾፌር ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ ያገለገለች ግን ጤነኛ የሆነች ቱርቦ ይዞላቸው መጣ። ባለቤቴ ያን ዕለት የመጀመሪያ ልጅ የተወለደለት መሰለ። በጣቱ ማራገቢያዋን እያሽከረከረ ስትንሿሿ እንድሰማ ጆሮዬ ላይ አስጠጋልኝ። የፊታችን እሑድ ጅማ ነሽ አለኝ። እኔም ልብሴን አጥቤ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ከዚያው ከሊቀመንበሩ የይለፍ ወረቀቴን ተቀበልኩ።

እዚህ ላይ የኮባውን ነገር መናገር አለብኝ። ሚዛን ሰኔ ውስጥ ዝናቡ ማባሪያ የለውም። ሞተሩ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ ውኃ እንዳይገባበት መወተፍ ነበረበት። ታላቅ ወንድሙ ጨርቅ አሉ። ባለቤቴ፣ ጨርቅ ክር ይተዋል፣ ያ ክር ሞተር ይገድላል ብሎ በሆዱ ወሰነ። እኛ አገር ቅቤም ማርም ቆጮም የሚጠቀለለው በኮባ ቅጠል ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ ደረቅ የኮባ ቅጠል አጥፎ፣ መሃሉ ላይ እንዳይልፈሰፈስ ጭራሮ ከቶ፣ በልጥ አስሮ፣ ለየቀዳዳው ልክ የሆነ ውታፍ ሠራ። ሲያምሩ! እኔም ሙያውን አድንቄለታለሁ። እሱ ሥራ ሲገባ ታላቅየው ውታፎቹን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው፣ ወደዱትም። ነገር ግን ዋናው የአየር ቱቦ ላይ ያለው የላላ መሰላቸው፤ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉትና የራሳቸውን ወፈር ያለ ውታፍ በላዩ ጨመሩበት። ለወንድማቸው ግን አልነገሩትም። ምን ብለው ይንገሩት? እሱስ መቼ ጠየቃቸው?

ሲገጥሙ ባለቤቴ ከየቀዳዳው አንድ አንድ ውታፍ አወጣ። አንድ አስገብቷላ። አንድ ካወጣ አለቀ። አዲሲቱን ቱርቦ አሰሩ፣ ቱቦውን አገናኙ፣ ዘይት ሞሉ። ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ሊቀመንበሩም ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ባለቤቴ ገብቶ አስነሳት። ተነሣች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ነዳጅ ሰጣት። ቱርቦዋ ማፏጨት ጀመረች፣ ጥርት ያለ ፉጨት፤ ከዚያ አንድ ነገር ዋጠች። ጉሮሮ ላይ አጥንት እንደሚሰነቀር ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ብረት ብረትን ሲበላ። አጥፋው፣ አጥፋው ተባለ። ቱቦውን ሲፈቱት ከማራገቢያዋ ላይ የተከተፈ የኮባ ቅጠል፣ ልጥና የተሰባበረ ጭራሮ ወጣ። የማራገቢያዋ ምላሶች ተጣመዋል፤ የሁለቱ ጫፍ የለም።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ከትከሻዬ በላይ ያነባል። ጥፋቱ የወንድሙ እንደሆነ እንድጽፍ ይፈልጋል። ወንድሙ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የእሱ እንደሆነ ያስጽፉኝ ነበር። እኔ የሁለቱም ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ካልተስማማው የራሱን ይጻፍ።

በዚያው ሰሞን አውቶቡስ መጣ። መንገዱ ትንሽ ደርቆ ነበር። ሻንጣዬን አንሥቼ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሮ መጣና፣ ሸኮ ገደል ውስጥ የወደቀች የዚችው መኪና እህት እንዳለች፣ ቱርቦዋ እንዳለ እንደተቀመጠ፣ በዚህ ሳምንት እንደሚገጥመው ነገረኝ። ገና ጊዜ አለሽ አለኝ። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። አንጀቴን በላኝ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ዝናቡ ለአውቶቡስ ፋታ አልሰጠም።

ወንድማማቾቹ ሸኮ ሄዱ። ገደል ገብተው ብረት ፈትተው እስኪመለሱ የቤቴ ወለል ታጠበ፣ ወንፊቴም ትንፋሽ አገኘ። ሲመለሱ ታላቅየው አንድ ቅል ማር፣ ባለቤቴ ቱርቦ ይዘዋል፤ ሁለቱም ጭቃ ናቸው። ቱርቦዋ እውነትም ደህና ነበረች። ሊገጥሟት ሲሉ ግን ቀዳዳዎቿ ከእኛዋ ጋር አልገጠሙም። እህት አይደለችም ማለት ነው፤ ቢበዛ የአጎት ልጅ ናት። ባለቤቴ ተስፋ አልቆረጠም። ሞረድ አመጣና ቀዳዳ ማስፋት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ክርር፣ ክርር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቤት ነው የምውለው፤ ያ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ሐምሌም ገባ። እሱ ይሞርዳል። ማክሰኞ ሆነ፣ ይሞርዳል። ተጠባባቂዋ አንድ ቀን በደጃችን ስታልፍ ቆም ብላ ሞረዱን አዳመጠች፤ ደህና ዋላችሁ ብላ ስትሄድ እርምጃዋ ውስጥ ደስታ አይቻለሁ። እኔ እሷን አልጠላኋትም። የጠላሁት ሞረዱን ነው።

ረቡዕ የጭነት መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ጎርፉ አንዱን ድልድይ ስለሸረሸረው ከባድ መኪና እንዳይሻገር ተከልክሏል ተባልኩ። ቀላል መኪና ግን ያልፋል። ጉድ በል። ቀላል መኪና እኔ ግቢ ውስጥ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች።

ሐሙስ ምሳ ላይ ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ። የዚያን ቀን ዝናቡ እንግዶቹን አስቀርቷቸዋል። እኔ እንባዬን ይዤ ጎደሬ እየላጥኩ ለእነሱ አቀርባለሁ። ታላቅ ወንድሙ ሁኔታዬን አይተው ሊያጽናኑኝ ፈለጉ መሰለኝ፣ ጎደሬያቸውን ቆጭቆጫ ውስጥ እያጠቀሱ እንዲህ አሉኝ።

«አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ለዚህም ታለቅሻለሽ? እኔ በመጀመሪያው ቀን ብዬዋለሁ እኮ። ያለ ቱርቦም ትሄዳለች። የዘይቷን መግቢያ ዘግቶ አየሩን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ዳገት ላይ ትንሽ ታቃስታለች እንጂ ጅማ አያቅታትም።»

መጀመሪያ የተናገሩት አልገባኝም። ደገሙልኝ። እኔ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሱ ጎድጓዳ ሳህኑን ያያል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ጭስ ይበዛል» አለ።

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«አውቅ ነበር።»

ታላቅ ወንድሙ እንኳ ማላመጣቸውን አቆሙ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም ስናገረው ደሜ ይፈላል። አንድ ወር ሙሉ ጎደሬ ቀቅያለሁ፣ በጨለማ ተኝቻለሁ፣ አውቶቡስ ዓይኔ እያየ አምልጦኛል፤ መኪናዋ ለካ መሄድ ትችላለች። አልጮኽኩም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አልኩት። በዚችው መኪና ታደርሰኛለህ፤ እምቢ ካልክም በእግሬ እጀምረዋለሁ፣ ያገኘኝ መኪና ያነሣኛል። ከዚያ ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁበት።

ተነሣና በዝናቡ ወጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ወንድሙ ሊረዱት ሲሄዱ፣ ተው ጋሼ አንተ ተቀመጥ አላቸው። የተበላሸችውን ቱርቦ ሆዷን ባዶ አድርጎ ለጭሱ ማለፊያ ብቻ አሰራት። ለዘይቱ መግቢያ ብረት ቆርጦ ደፈነበት። የጎማ ቱቦውን ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በቀጥታ አዞረና በማሰሪያ ቀለበት አጠበቀው። እጁ አንዴም አልተጠራጠረም። ዕቃ አላጠበም፣ ሳፋ አልጠየቀኝም፣ ወንፊት አልፈለገም። ያጠብኳቸው የምሳ ሳህኖች ገና ውኃቸው ሳይንጠፈጠፍ አስነሳት። ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጸጥ ብላ ሠራች። ያ ፍጥነት ከሁሉ የበለጠ አናደደኝ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ዳገት ላይ ማገዶ እንደተሸከመች አሮጊት ታቃስታለች፤ ከኋላችን ያለው መንገድ በጭስ አይታይም። ኬላ ላይ የቆመው ወታደር የይለፍ ወረቀቴን ሳያነብ፣ እባካችሁ እለፉልኝ ብሎ በእጁ አፍንጫውን ያዘ። በተሸረሸረው ድልድይ ላይ ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ፤ እሱ ባዶዋን ነድቶ አሳለፋት። ቦንጋን አልፈን፣ የጎጀብን ቁልቁለት ወርደን፣ ማዶውን ስንጀምር አንድ በቅሎ የሚጋልብ ሰው ደረሰብን፤ ሰላምታ ሰጥቶን ቀደመን። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ባለቤቴ ያን ሁሉ መንገድ ስለ ሞተሩ ሙቀት ብቻ ነው ያወራው። መርፌው ወደ ላይ እንዳልወጣ፣ ዘይቱ እንዳልጎደለ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ጭሱ ያሳፍራል፣ ባለ ቱርቦ መኪና ቱርቦዋን ዘግቶ መንዳት ነውር ነው አለ። ሰው ይህን ያህል ለመኪና ያፍራል? አላመንኩትም፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችልም አልመጣልኝም። የተጠባባቂዋ ፈገግታ እየታወሰኝ ሰዓቴን አያለሁ፣ ፀሐይዋን አያለሁ፣ እንደገና ሰዓቴን አያለሁ።

ጅማ የደረስነው ቢሮ ሊዘጋ ሲል ነው። የምመዘገብበት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናዋ ቆመች፤ ቆመች ማለት ሞተሯም አብሮ ጠፋ። ከግቢው ውስጥ አንድ ሰው የመዝገቦች ክምር አቅፎ የቢሮውን መስኮት ሲዘጋ ይታየኛል። ዘልዬ ወረድኩ። ባለቤቴ ሻንጣዬን ከኋላ አወረደው፤ እጄን ስዘረጋ ግን አልለቀቀውም። ፊቱ በጭስ ጠቁሯል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ዲፕሎማውን ከያዝሽ እኮ አማን አይተዉሽም» አለኝ። «ወደ ከተማ ይወስዱሻል። እኔ ችግኜን ተሸክሜ የት እገባለሁ? አትሂጂብኝ።»

«ይህን መናገር አቅቶህ ነው?» አልኩት።

ራሱን ብቻ ነቅንቆ አዎ አለኝ።

ያን ቃል እቤታችን፣ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ቢለኝ ኖሮ፣ ራሴን አውቃታለሁ፣ እቀር ነበር። ተኮራርፈን፣ አልቅሼ፣ ሰንብቼ እቀር ነበር። ሰውየው ሁለተኛውን መስኮት መዝጋት ጀመረ። የባለቤቴን ጣቶች አንድ በአንድ ከሻንጣው እጀታ ላይ አላቀቅሁና ወደ ውስጥ ገባሁ።